ጠበሉ ይባርካል፤ አምልኮ ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው



ጥር 10 ቀን፣ በከተራው ዕለት፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ካህናቱ በዝማሬ፣ ወጣቶቹ በሆታ፣ እናቶች በእልልታ ያጅቧቸዋል። በማግሥቱም ውኃው ተባርኮ በምእመናን ላይ ይረጫል። በዚህ ታላቅ በዓል አንድ ጥያቄ ለራሳችን ልናቀርብ ይገባናል። ተስፋችን በውኃው ነው ወይስ ውኃውን በባረከው አምላክ?

ጥያቄው ለአገው ምድር እንግዳ አይደለም። የአዊ ዞን ጎረቤት በሆነው በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ በ1610 ዓ.ም. ያየው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1763 ዓ.ም. የደረሰበት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም፣ የአካባቢው አገዎች ለምንጩ ከብት እያረዱ መሥዋዕት ያቀርቡ እንደ ነበር ጽፈዋል። እነዚያን አበው ለመንቀፍ አንቸኩልም። እርሻቸውን የሚያለመልመውን፣ ከብታቸውን የሚያጠጣውን ስጦታ አይተው ሰጪውን ሳያዩ ቀሩ። ዛሬ ያው ምንጭ በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም የሚታወቅ ጠበል ነው። የተለወጠው ውኃው ሳይሆን በላዩ የሚጠራው ስም ነው።

ሶርያዊው ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ በነጻ ጊዜ ለዮርዳኖስ መሠዊያ አላቆመም። ከእንግዲህ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ እንደማይሠዋ ቃል ገብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ (2ኛ ነገ. 5)። በአንጻሩ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሰቀለውን፣ በእባብ የተነደፉት አይተው የዳኑበትን የናስ እባብ፣ የኋላ ሰዎች ዕጣን ቢያጥኑለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገ. 18)። እንግዲህ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር እንኳ የእግዚአብሔርን ስፍራ ከያዘ ጣዖት ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ልዩነት ጠንቅቃ ታስተምራለች። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለቅዱሳን የሚቀርበው የጸጋና የአክብሮት ስግደት ነው። በታቦቱ ፊት ስንሰግድም በላዩ ለተጻፈው ለአምላካችን ስም ነው እንጂ ለእንጨቱ ወይም ለድንጋዩ አይደለም።

የሚያሳዝነው ግን ይህን እያወቅን ልባችንን ለሁለት የከፈልን መኖራችን ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ማታ የጠንቋይ ደጅ እንጠናለን። ለበዓል የሚታረደው ዶሮ ቀይ ወይም ገብስማ ካልሆነ ውቃቢ ይቆጣል ብለን እንሰጋለን። ልጅ ሲታመም ወደ ጠበልና ወደ ሐኪም ከመሄድ ይልቅ ጨሌ ዘርግቶ ለሚጠነቁል ሰው ያለችንን ጥሪት እናስረክባለን። እርሱም የሕመሙን ምክንያት በጎረቤት ዓይን ሲያሳብብ፣ እሳት ይጫጫሩ የነበሩ ሁለት ቤቶች በጠብ ይለያያሉ። የጣዖት ዋጋው ይህ ነው፤ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ጎረቤቱንም ያሳጣል። እናትና አባት በስውር የሚያደርጉትን ልጆች አይተው እንደሚወርሱትም አንዘንጋ።

ጌታችን በዮርዳኖስ ከተጠመቀ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። በዚያም ፈታኙ የዓለምን መንግሥታት ክብር አሳይቶ እንዲሰግድለት በጠየቀው ጊዜ፣ ስግደትም አምልኮም ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ መለሰለት (ማቴ. 4፥10)። እኛም ከጥምቀተ ባሕሩ ስንመለስ ፈተናው በየቤታችን ይጠብቀናልና መልሳችንን እናዘጋጅ።

በዚሁ ወር፣ ጥር 23 ቀን፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ይከበራል። የዓድዋ ጀግኖችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር ጠባቂው አድርጎ የያዘው ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ለጣዖት አልሠዋም ብሎ አንገቱን ለሰይፍ የሰጠ ሰማዕት ነው። ስለዚህ በስሙ ፈረስ የሚያሸልም ሁሉ፣ በስሙ የሚዘክር ቤተሰብ ሁሉ፣ ጨሌውን ከጓዳው ያውጣ። ሰማዕቱን የምናከብረው እርሱ ለሞተለት እምነት በመኖር ነው።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የአንድ ልብ በዓል ይሁንልን!