ዝም ያለ ደንበኛ

በገበያ ጥናት ሥራ በጣም የሚያስቸግረን ዝም የሚል ደንበኛ ነው። የሚያማርረው ቢያንስ ችግሩን ይነግራችኋል። ዝም ያለው ግን ወዷችሁ ይሁን ተስፋ ቆርጦባችሁ አታውቁም። መጠይቁ ላይ “አስተያየት የለኝም” የሚለውን መርጦ ይሄዳል፤ እኛም “ግድ የለውም” ብለን እናልፈዋለን።

ስለ 1983 ዓ.ም. ሲወራ ይህ ደንበኛ ትዝ ይለኛል። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 15 አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ወረደ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ ከተማዋን ያዘ። የአዲስ አበባ ሰው ያንን ሳምንት በየሰዓቱ ያስታውሰዋል። ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸናና ሞጣ አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችንን ስንጠይቅ ግን መልሱ አጭር ነው፤ “አንዱ ሄደ፣ ሌላው መጣ።” ለነገሩ ጎጃም ከአዲስ አበባ ሦስት ወር ገደማ ቀድማ፣ የካቲት ላይ በተከፈተው የቴዎድሮስ ዘመቻ ነበር ከደርግ እጅ የወጣችው።

ታዲያ ግድየለሾች ነበሩ? እነዚሁ ሰዎች በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት አምፀው ነበር። ሞጣና ቢቸና የአመፁ ዋና ማዕከላት ነበሩ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ደበደበ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ይህ የግድየለሽ ታሪክ አይደለም።

ገበሬው መንግሥትን የሚመዝነው ደጁ ድረስ በሚመጣው ነገር ነው። ደርግ በ1967 መሬት ለአራሹ ብሎ አወጀ። ቀጥሎ ግን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የሚሸጥ የእህል ኮታ መጣ፤ ከ1975 ወዲህ ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና። ኮታውን በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ያነሣው ራሱ ደርግ ነው። እናም ለአንዳንዱ ቤት ትልቁ ቀን ግንቦት 20 ሳይሆን እህሉን በፈለገው ዋጋ የሸጠበት ወይም ልጁ ከጦር ሜዳ የተመለሰበት ቀን ነው።

ዝምታው ጥንቃቄም ነበረበት። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉ ሰዎች “ቢሮክራሲ” ተብለው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ትናንት ከፊት የተቀመጠ ዛሬ በመሬቱ ከፈለ። ይህን ያየ ሰው ለሚቀጥለው መንግሥት ጮክ ብሎ ቢያጨበጭብ ነበር የሚገርመው።

ይህ ትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ፣ ወደ እኛም ሳሎን መጥቷል። “ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” ስንባል አድገናል፤ ለልጆቻችንም እየደገምነው ነው። ማስጠንቀቂያውን ስናወርስ ምክንያቱን አላወረስንም። ምክንያቱን ያልሰማ ልጅ አያቶቹን እንደ ፈሪ ወይም እንደ ግድየለሽ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ወይም ደግሞ ዝምታን የቤተሰቡ ባሕርይ አድርጎ ይወስደዋል።

ጥሩ መጠይቅ በጥያቄው ይወሰናል። በሚቀጥለው በዓል ከገጠር የመጡ አያት ቤታችሁ ካሉ፣ “ደርግ ሲወድቅ ደስ አለዎት?” አትበሏቸው። “ኮታው ስንት ነበር? ከቤት የጠፋው ማን ነበር? መሬቱስ ምን ሆነ?” ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹም አጠገባችሁ ይቀመጡ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ መልሱ አያልቅም።