የደን ጽናት በዛፎቹ ዓይነት መብዛት ነው

ከኮምቦልቻ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የየጎፍ ተራራ ሁለት ዓይነት ደን ይዞ ይገኛል። አንደኛው የሐበሻ ጥድና ወይራ ከቍጥቋጦው ጋራ ተደባልቀው የበቀሉበት የጥንቱ ደን ነው፤ ሁለተኛው በሰው እጅ የተተከለው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሩቅ ለሚመለከታቸው ሁለቱም አንድ ልምላሜ መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን የድርቅና የተባይ ዘመን በመጣ ጊዜ ኃይላቸው እኩል አይደለም።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። የሚያሳስበው ግን ተራራው ሁሉ ለአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ ነው። በእንደዚህ ያለው ስፍራ ያን ዛፍ የሚበላ ተባይ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ከልካይ ይሻገራል፤ ሥሮቹም በአንድ ልክ ስለሚወርዱ ዝናም ሲጠፋ በአንድነት ይጠማሉ። ልዩ ልዩ ዛፍ በተደባለቀበት ግን ሥሩ ጠልቆ የሚወርደውና ከላይ የሚዘረጋው ውሃውን ይካፈላሉ፤ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ጥላውን ይጠብቃል፤ የረገፈውም ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ የክረምቱን ጐርፍ ያበርዳል። ይህም ከጦሳ ተራራ ግርጌ ለተሠራችው ለደሴና የቦርከና ወንዝ ለሚያልፍባት ለኮምቦልቻ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህም የውጭ አገር ምስክር አለ። የፈረንጅ ጥድን ጭማቂ የሚመጥ የክሽክሽ ዓይነት ተባይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 በማላዊ ታይቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በመስፋፋት ብዙ የተተከለ ደን አደረቀ። በጀርመንም ስፕሩስ የተባለው ዛፍ ብቻውን በሰፊው ተተክሎ ስለ ነበረ፤ በ2018 የጀመረው ድርቅ ካደከመው በኋላ የቅርፊት ጢንዚዛ በረታበት፤ እስከ 2021 ሚያዝያ ድረስም ከአገሩ ደን 500 ሺህ ሄክታር ያህል ጠፋ።

ይሁን እንጂ የዛፍ መለያየት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በትግራይ በደስዓ ደን ጥድና ወይራ ተደባልቀው ሳሉ ብዙዎቹ በቆሙበት ደርቀዋል። ስለዚህ የተደባለቀውም ደን ቢሆን ከመጥረቢያና ከልቅ ግጦሽ ካልተጠበቀ አይጸናም።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል። የችግኝ ቍጥር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቍጥሩ ስንት ዓይነት እንደ ተተከለና ስንቱ እንደ ጸደቀ አይናገርም። እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት በሪፖርታቸው ይህን ሁለቱን ጨምረው ሊጽፉ ይገባል። ባሕር ዛፍም ለማገዶ በመንደር አጠገብ ይሁን፤ ገደላገደሉ ለአገር ዛፍ ይተው። ዘሩ ሩቅ አይደለም፤ በየጎፍ አለ፤ አባቶች በየደብሩና በየገዳሙ አጸድ ጠብቀው ያቆዩትም አለ። ካህናት ይህን ዘር ለችግኝ ጣቢያ ቢሰጡ፤ ሹማምንትም ተቀብለው ቢያፈሉት፤ የጦሳና የየጎፍ ልምላሜ ለአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።