በሐሰት ስም የሚሻገሩ ልጆቻችን፦ የውጭ አገር መግቢያ ሕግና የምእመናን ደኅንነት

ከደሴ ወደ ምዕራብ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ትልቅ ስፍራ ወዳለው ምድር ያደርሳል። ቦረናና አማራ ሳይንት የጥንታዊቷ የተድባበ ማርያምና የባለ ሰዓታቱ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አገር ናቸው። ወደ እነዚህ ገዳማትና አድባራት የሚጓዘው ተሳላሚ ዛሬም አልተቋረጠም። ነገር ግን በዚያው መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከደጋው ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሌላ መንገደኛ ካየን ሰንብተናል። እርሱም ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ቤይሩትን ወይም ዱባይን አስቦ ከወላጆቹ ቤት የወጣ ወጣት ነው።

የውጭ አገር ጉዞ ሲነሣ የመግቢያ ፈቃድ፣ የፓስፖርት ዘመን፣ የግል ደኅንነት የሚሉት ጉዳዮች ለመዝናናት የሚሄድ ጎብኚን ብቻ የሚመለከቱ ይመስላሉ። ለእኛ ምእመናን ግን የእንጀራ፣ የሕይወትና የሃይማኖት ጉዳዮች ሆነዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን፤ ልጆቻችን በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚሄዱ፣ በማን ስም እንደሚሄዱ፣ እንዲሁም ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ ምን ልታደርግላቸው እንደሚገባ።

ስደቱን የሚገፋው ምንድን ነው?

ምክንያቱን ሳያውቁ ተጓዡን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በደጋው የወሎ ክፍል ለዘመናት የታረሰው ተዳፋት መሬት ተሸርሽሯል፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተከፋፈለም ጠቧል። በትምህርት እወጣለሁ ያለው ወጣትም በሩ ጠቦበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ገበያና መንገድንም አስተጓጉሏል።

በአንጻሩ ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ የተሠራው የቆርቆሮ ቤትና የተማረው ታናሽ ወንድም በዓይን ይታያሉ። በደላላ የተሸጠችው፣ ደመወዝ የተከለከለችው ወይም ታማ የተመለሰችው እኅት ግን ብዙ ጊዜ ድምፅዋ አይሰማም። ወጣቱ የሚወስነው ባየው እንጂ ባልተነገረው አይደለም።

የጉብኝት ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም

ማንኛውም አገር ለገቢው የሚሰጠው ፈቃድ ዓላማ አለው። የጎብኚ ቪዛ ለተወሰኑ ቀናት አይቶ ለመመለስ ይሰጣል፤ በእርሱ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም። ደላሎች ግን ቀላልና ፈጣን ስለ ሆነ “በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ይቀየርልሻል” እያሉ ይልካሉ። ቀኑ ሲያልፍ ተጓዧ ሕገ ወጥ ነዋሪ ትሆናለች። አሠሪዋ ደመወዝ ቢከለክላት ወይም ቢደበድባት ለፖሊስ ማመልከት ትፈራለች፤ መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ ናትና። የቅጥር ውል ስለሌላትም ኤምባሲው ሊከራከርላት የሚችልበት ሰነድ አይኖርም።

ይህ አደጋ በዓረብ አገሮች ብቻ አልቆመም። በቅርብ ዓመታት በታይላንድ መልካም ደመወዝ ያለው የኮምፒዩተር ሥራ እንዳለ ተነግሯቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ድንበር ተሻግረው በምያንማር በታጠሩ ግቢዎች ውስጥ ለኢንተርኔት ማጭበርበር ተገድደዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ የልዩ ልዩ አገር ዜጎች ከእነዚያ ግቢዎች ሲወጡ ኢትዮጵያውያንም አብረው ነበሩ። እነዚህ ልጆች የተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁ፣ በአውሮፕላን በሕጋዊ ፓስፖርት የሄዱ ናቸው። የተታለሉት በድንቁርና ሳይሆን የፈቃዱ ዓይነትና የተነገራቸው ሥራ አለመጣጣሙን የሚያስረዳቸው ሰው በማጣት ነው።

በየብስና በባሕር የሚሄደው መንገድ የባሰ ነው። ከወሎ በባቲና በሚሌ አድርጎ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግረው መሥመር የስንቱን ቤት እንዳጨለመ እናውቃለን። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ በሞከሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የጅምላ ግድያ መፈጸማቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ይህን አስተባብሏል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻም በየመን አብያን ዳርቻ በሰጠመ ጀልባ በርካታ ወገኖቻችን አልቀዋል።

በማን ስም?

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ሦስተኛው ጉዳይ ነው። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሄዱ ክርስቲያን እኅቶቻችን መካከል ጥቂት ያልሆኑት በፓስፖርታቸው ላይ የሰፈረው ስም ወላጆቻቸው ያወጡላቸው አይደለም። ደላላው “ክርስቲያን ከሆንሽ አሠሪ አይወስድሽም” ይላል፤ ስሟ ይለወጣል፤ ማዕተቧ ይበጠሳል። ዕድሜዋም 18 ያልሞላ ከሆነ ይጨመርላታል።

እዚህ ላይ ወሎን ማወቅ ያስፈልጋል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በደምና በጋብቻ የተሳሰረ ነው፤ አያቱ አሕመድ የሚባል ክርስቲያን፣ አያቷ ወልደ ማርያም የሚባል ሙስሊም ማግኘት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ቅሬታችን በስሙ ድምፅ ላይ ወይም በሙስሊም ወገኖቻችን ላይ አይደለም። ቅሬታችን ሰው ያልሆነውን ነኝ ብሎ እንዲፈርም በመደረጉና ይህም ነፍሱንም ሥጋውንም ለአደጋ በማጋለጡ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ደላላው የሚናገረው እውነት አይደለም። የሳዑዲ የመግቢያ ሕግ ክርስቲያን ሠራተኛ አይግባ አይልም፤ በርካታ የፊሊፒንስ ክርስቲያኖች በዚያው አገር በቤት ሥራና በነርስነት ተቀጥረው ይኖራሉ። ሙስሊም ሠራተኛ የሚመርጥ አሠሪ አለ፤ ስም መለወጡ ግን ያችን ምርጫ ለማሟላትና ልጅቱን ቶሎ ለመላክ ደላላው የፈጠረው አቋራጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐሰተኛው ምዝገባ ከጥበቃ ይልቅ ወጥመድ ይሆናል። በሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ሃይማኖት ይመዘገባል። ሙስሊም ተብላ የተመዘገበች ሴት ስታማትብ ወይም ስትጾም ብትታይ ከአንዲት ክርስቲያን እንግዳ ይልቅ እንደ ከሃዲ ልትታይ ትችላለች፤ በዚያ አገር ሕግ ደግሞ እስልምናን መተው እጅግ ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ነው። በክርስትና የታወቁትም ቢሆኑ ነጻነታቸው ጠባብ ነው። በሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በጅዳ በግል ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ታስረው እንደ ነበር ይታወሳል። በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በባሕሬንና በኳታር ግን ለክርስቲያኖች የተፈቀዱ የአምልኮ ስፍራዎች አሉ። ተጓዥ የሚሄድበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ መከራ በመጣ ጊዜ ሐሰተኛ ስም ሰውን ያጠፋዋል። እኅታችን ስትታሰር ወይም ስትጠፋ ቤተሰቦቿ በእውነተኛ ስሟ ይጠይቃሉ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ሌላ ነው። የቀረ ደመወዟንና ካሣዋን ለመቀበል ወላጅነትን ማስረዳት ይቸግራል። ብትሞትም በተመዘገበችበት ሃይማኖት ሥርዓት ትቀበራለች። ወላጆቿ ወሬውን ሰምተው ለካህኑ የክርስትና ስሟን ነግረው ፍትሐት ቢያስደርሱም አስከሬኗ የት እንዳረፈ ሳያውቁ ይቀራሉ።

ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ፈተና አስቀድሞ አሳይቶናል። አብርሃም ከረኃብ ሸሽቶ ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ ሕይወቱን ለማትረፍ ሣራን እኅቴ ናት አለ፤ በዚያ ምክንያት ወደ ባዕድ ቤት የተወሰደችው ግን ሣራ ነበረች (ዘፍ. 12፥10-20)። እግዚአብሔር በቸርነቱ አወጣት እንጂ የተሰወረው እውነት አልጠበቃትም። ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ስማቸው ተለውጦባቸው ነበር፤ ስሙን ያወጡላቸው ማራኪዎቻቸው ናቸው፤ እነርሱ ግን ማንነታቸውን አልሸሸጉም። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገረፍ በታሰረ ጊዜ ሮማዊ ዜግነቱን በግልጽ ተናግሮ ሕጉ የሚሰጠውን መብት ተጠቅሟል (የሐዋ. 22፥25-29)። እውነተኛ ሰነድ ይዞ በሕግ መከራከር ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር የማይጋጭ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሕጉ የሰጠን መብት

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀምራ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው በጥር 2010 ዓ.ም. ሲነሣ ጉዞው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ሆነ፤ ይህም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል።

ምእመናን ከዚህ ሕግ ሊያውቁት የሚገባው ብዙ ነው። ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለውና ዋስትና ያስያዘ ሊሆን ይገባል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በዋናው አዋጅ የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት ማስረጃ ያሉትን ነው። እንግዲህ በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ፣ ከዕድር ተበድሮ ለደላላ የሚከፍል ቤተሰብ ሕጉ ያልጠየቀውን እየከፈለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ደግሞ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወርና ድንበር ማሻገር ከባድ ወንጀል ነው፤ ደላላው የሠፈር ልጅ ወይም ዘመድ መሆኑ ወንጀሉን አያቀለውም።

ከመነሣት በፊት ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን፣ በቪዛው ላይ የተጻፈው ዓላማ ከሚሠራው ሥራ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ይገባል። የፓስፖርቱ፣ የቪዛውና የውሉ ቅጂ፣ የኤጀንሲውና የአሠሪው ስም ከስልክ ጋር በቤተሰብ እጅ ይቀመጥ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚጠበቀው

ተጓዧ ከኤጀንሲው በፊት የምታማክረው የንስሐ አባቷን ቢሆን ብዙ ጥፋት በቀረ ነበር። ብዙዎቹ ግን ተግሣጽን ፈርተው ሳይናገሩ ይሄዳሉ። የንስሐ አባት “አትሂጂ” ከማለት አልፎ በማን ስም፣ በምን ፈቃድ፣ በማን በኩል እንደምትሄድ ሊጠይቃት ይገባል። ማዕተብን በአደጋ ጊዜ ከዓይን መሰወርና ሃይማኖትን ክዶ መፈረም አንድ አለመሆናቸውንም አስቀድሞ ያስረዳት። ቆርባ፣ ጸልያ፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ይዛ ትሂድ፤ መስቀልና ሥዕል ይዞ መግባት በማይቻልበት አገር እንኳ በቃል የተያዘን ጸሎት የሚፈትሽ ኬላ የለም።

ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት በየወረዳው ከሚመለከታቸው የመንግሥት ባለሙያዎች ጋር ሆነው ስለ ሕጋዊ ጉዞ ማስተማር ይችላሉ። ሠርተው የተመለሱ እኅቶች ከማንም በላይ የሚሰሙ መምህራን ናቸው፤ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይመስክሩ።

የተመለሱትንም በሐሜት አንቀበላቸው። ስሟን የለወጠች፣ ማዕተቧን የበጠሰች፣ ተገድዳ የተደፈረች እኅት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት የምታፍረው እግዚአብሔርን ሳይሆን የእኛን ዓይን ፈርታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖታቸውን ክደው ለተመለሱ ልጆቿ መጽሐፈ ቄደርን አዘጋጅታ የኖረች እናት ናት። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ማዕተባቸውን ሳይበጥሱ የተሠዉትን ወንድሞቻችንን በሰማዕትነት ስናከብር፣ በፍርሃትና በችግር የወደቁትን ደግሞ በንስሐ ማንሣት የዚያው እምነት ሥራ ነው።

ሥጋን ለብሶ በእናቱ እቅፍ ወደ ግብፅ የተሰደደው አምላካችን የተሰዳጆችን መከራ ያውቃል። በባዕድ አገር ያሉትን እኅቶቻችንንና ወንድሞቻችንን በቸርነቱ ይጠብቅልን፤ ለመሄድ የተነሡትን በማስተዋል ይምራልን፤ በአገራቸው ሠርተው የሚኖሩበትን ሰላም ይስጥልን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር