ሙግት፦ እርፉን ማን ይጨብጥ?

የመጀመሪያው ተሟጋች

በስሜን ጃናሞራ፣ በደረስጌና በዙሪያው፣ ሴት እርፍ አለመጨበጧን እንደ ንቀት የሚቆጥሩ በዝተዋል። እኔ አልቀበለውም። እቴጌ ጣይቱ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ያሠሩት የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው፤ በእሳቸው የሚኮራ ሕዝብ ሴትን ይንቃል ማለት ይከብደኛል። ሥራው ነው የተከፋፈለው። መብቷ ደግሞ ተጽፏል፤ በአማራ ክልል በ1990ዎቹ መሰጠት የጀመረው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይዟል። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን በእኩል ብትሰጥ የጎደላት በሬ ነው፤ በሬ የሌለው ወንድም ይሰጣል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ ለምትውል ሴት ሞፈር መጨመር ሸክም እንጂ ነጻነት አይመስለኝም።

ሁለተኛዋ ተሟጋች

ወንድሜ በሬውን ካነሳ በበሬው እንከራከር። አንድ በሬ ያለው ወንድ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን ተባብለው ያርሳሉ። በሬ ከነጭራሹ ባይኖረው እንኳ ጉልበቱን ሰጥቶ ጥማድ ያገኛል። ያው አንድ በሬ ያላት ሴትስ? ተራዋ ሲደርስ እርፍ የሚይዝላት ወንድ መፈለግ አለባት፤ ገብሱ ሲወቃ ግማሹ ከአውድማው ይሄዳል። ደብተሩ በስሟ ሆኖ ምርቷ ይከፈላል። ይህን ያመጣው በልጅነቷ ወንድሟ በሬ መጥመድ ሲማር እሷ ወደ ጓዳ መላኳ ነው።

በዚህ ሁሉ ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው የሚያሳስበኝ። የግብርና ባለሙያው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታርም ያገኛትን ሴት «ባለቤትሽ የለም?» ብሎ ያልፋል። ሊያዋርዳት አልፈለገም፤ ምክሩ ለእሷም እንደሚሆን በልቡ አልመጣለትም።

እቴጌ ጣይቱ የመሳፍንት ዘር ነበሩ፤ ክብራቸው ለጃናሞራ ገበሬ ልጅ ጥማድ አያቀናጅላትም። ሸክሙን ያልከው ግን እውነት ነው። በ1964 ዓ.ም. በተመሠረተችው የአውራምባ መንደር ሴቶች ያርሳሉ፣ ወንዶችም እንጀራ ይጋግራሉ። የሴቷ ማረስና የወንዱ መጋገር አብረው ሄዱ።

የመጀመሪያው ተሟጋች

አውራምባ በመሥራቿ በዙምራ ኑሩ ዙሪያ ፈቅደው የተሰባሰቡ ሰዎች መንደር ናት። የስሜንን ገበሬ ምጣድ ላይ ተቀመጥ ብንለው አይሰማንም። መጀመሪያ ውኃና ወፍጮ እናቅርብላት፤ ፋታ ስታገኝ ራሷ ትምረጥ።

ሁለተኛዋ ተሟጋች

ውኃውም ወፍጮውም ይምጣ። ልጅቷ ግን ዘንድሮ ከወንድሟ ጋር ማሳ ትውረድና መጥመድ ትማር። ሳትማር ካደገች፣ ያ ፋታ ሲመጣ ምርጫዋ ያው መሬቷን በእኩል መስጠት ይሆናል።