ስም አልባው ዘፈን

ላምበረት መናኸሪያ የቆመ ሰው የአገሩን ሙዚቃ በነጻ ይሰማል። አንዱ አውቶቡስ አምባሰል ሲያንቆረቁር፣ ከጎኑ ያለው ሚኒባስ በኦሮምኛ ይመልስለታል፤ ረዳቱ ፍላሹን ሲቀይር ደግሞ ጉራግኛው ይቀጥላል። ቋንቋውን የማይሰማው ተሳፋሪ ሳይቀር ትከሻው አያርፍም።

ድሮ ዘፈን በረኛ ነበረው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ የሙዚቃ አሳታሚው አምሐ እሸቴ ይህን ጥሶ ነው የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ሸክላ ያወጣው። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የምሽት ባንዶች ሥራ ፈቱ፣ አምሐም ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ሙዚቃው ግን ካሴት ውስጥ ገባ። ካሴቱም ቢሆን የነጋዴ እጅ ነበረበት። ይሸጣል ብሎ ያላመነበትን አያሳትምም፤ በትንሽ ቋንቋ የሚዘፍን ልጅ ደግሞ ማን ያምንበታል?

ዛሬ ዩቲዩብና ቲክቶክ በረኛውን አሰናብተውታል። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር የተቀረጸ ክሊፕ በማግስቱ ሚኒሶታና ሪያድ ይታያል። ራቅ ስንል በፓኪስታኗ ፔሻዋርም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በክልሉ ሥልጣን የያዙት የሃይማኖት ፓርቲዎች በሕዝብ ማመላለሻ ሙዚቃ እንዳይከፈት ከለከሉ፣ በአካባቢው ቋንቋ በፓሽቶ የሚዘፈነው ዘፈን ግን በስልክ አመለጣቸው። ዛሬ ፓሽቶ የማይችል ሰውም ያደምጠዋል።

ታዲያ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ክሊፑ ላይ የዘፋኙ ስም፣ «አዲስ» የሚል ቃልና የቪው ብዛት አለ። ገጣሚው የት ሄደ? የዜማ ደራሲውስ? የአገር ቤት ዜማ ሲሆንማ ይባስ፤ ከአንድ አዝማሪ አፍ የተወሰደው «ሕዝባዊ» ተብሎ ይታለፋል፣ ገንዘቡ ግን ሕዝባዊ አይሆንም፣ ቻናሉን የከፈተው ሰው ኪስ ይገባል። (ራሱ ዘፋኙም ብዙ ጊዜ መብቱን አንዴ ሸጦ የወጣ ነው።)

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ማሻሻያው 872/2007 ሙዚቃን ለንግድ የሚጠቀም ሁሉ ሮያሊቲ እንዲከፍል ይላል። ክፍያ ግን ስም ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ያልተጻፈለት ዜማ ማንም አይከፈልበትም።

ስለዚህ ቻናል ያላችሁ፣ ከክሊፑ ሥር ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ጻፉ። ዜማው ከአገር ቤት የተወሰደ ከሆነም ከየትኛው ወረዳ፣ ከማን አፍ እንደሆነ አስፍሩ።