«አሜን» ብለን ከማጋራታችን በፊት

ባለፈው እሑድ ከሰንበት ትምህርት በኋላ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የእናቷን ስልክ ይዛ ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎቹ መጣች። በቴሌግራም የደረሰ ማስታወቂያ ነው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው፤ ለመመዝገቢያ 500 ብር ላኩ ይላል። ፎቶውም ያማረ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ የሚስቁ ሴቶች፣ ትልቅ በር።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እኮ አይነበብም» አለችን። አጉልተን አየነው። ከሩቅ ፊደል ይመስላል፤ ሲቀርቡት ሀም ለም የለበትም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሣለው ሥዕል ነው። ማን እንዳሠራው አናውቅም።

ልጅቷ ይህን ለእናቷ ለመናገር ፈርታ ነበር። «ትልቅ ሰው እንዴት አርማለሁ?» አለች። ይህ ነው ያሳዘነን። ልጆቻችንን መታዘዝ እናስተምራለን፤ መልካም ነው። በአክብሮት መጠየቅን ግን አላስተማርናቸውም። ልጅ ጥያቄ ካበዛ እምነቱ ይላላል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን እናንብብ። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ቃል እንኳ ከመጻሕፍት ጋር ሲያመሳክሩ ሉቃስ አልነቀፋቸውም፤ አመሰገናቸው እንጂ።

እኛስ ትልልቆቹ? በ2016 ዓ.ም. ፌስቡክ ላይ ጌታን ሽሪምፕ ከሚባል የባሕር ፍጥረት ጋር የቀላቀሉ ሥዕሎች ሲዞሩ፣ ከሥራቸው «አሜን» የተባለው ስንት ጊዜ ነው! በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት ይዟል፤ ደስ ይላል። ሆኖም መሣሪያውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ማን ላከው? ከእኔስ ምን ይፈልጋል?» ማለት ሌላ። ይህን ትምህርት ቤትም፣ ሰንበት ትምህርትም፣ ቤትም ሊያስተምሩት ይገባል እንላለን። የፊደል ስሕተት ፍለጋ ብቻ አይበቃም፤ ማሽኑ ነገ አስተካክሎ ይጽፋል። ሄዶ መጠየቅ ግን ሁልጊዜ ይሠራል።

ለእናቷ አብረናት ነገርናት። ቆጣ አለች፤ ከዚያ ዝም አለች። ሰኞ ጠዋት መልካ ጀብዱ ድረስ ሄዳ ፓርኩ በር ላይ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ምዝገባ የለም አሏት። ብሯን ይዛ ተመለሰች።

ጎረቤቷ ግን ቅዳሜ ማታ ልካ ነበር።