ጠይብና ጠቢብ

የቀጨኔ ሸክላ «ዕቃ እንጂ ጥበብ አይደለም» ለምትሉ ጓዶች መልስ አለን። ከ1,200 ዓመት በፊት የነበሩት የፔሩ ሞቼዎች ያለ መንኰራኩር የሰው ፊት የመሰለ ገንቦ ሠሩ፤ ሙዚየም በመስተዋት ሲያስቀምጠው ጥበብ አላችሁት። ከእሪ በከንቱ ሽቅብ፣ ቀጨኔ ያለችውስ እናት? እሷም ጀበናውን የምታበጀው ያለ መንኰራኩር፣ በመዳፏ ነው፤ ሆዱን ሰፋ አድርጋ ቡናው እንዲፈላ፣ አንገቱን ቀጠን አድርጋ አተላው ከታች እንዲቀር። ታዲያ ይሄ ሐሳብ አይደለም?

ከጀበናዋ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትጠጣላችሁ፤ እሷን ግን «ጠይብ፣ ቡዳ» ትሏታላችሁ። ጠይብ እኮ ከጠቢብ የወጣ ቃል ነው! ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ካልቀረ፣ በዚህች መጽሔት ስለ ጥበብ የምንጮኸው ሁሉ እሪ በከንቱ ነው።